የአርሲ ገብስ መረጃ ከማሳ እስከ ብቅል ፋብሪካ

በአርሲ፣ በበቆጂ ዙሪያ የሚመረት ገብስ ወይ ለምግብ ወይ ለብቅል ይሄዳል፤ መሄጃው ደግሞ የማዳበሪያውን መጠን ይወስናል። ዩሪያ ሲበዛ የፍሬው ፕሮቲን ከፍ ይላል፤ ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ግን ፕሮቲኑ ዝቅ ያለውን ገብስ ነው። የአፈር መረጃው፣ የማዳበሪያ ምክሩና የገዢው የጥራት መስፈርት ካልተገናኙ፣ አርሶ አደሩ በተመከረው መሠረት ብዙ አምርቶም በርክክብ ዕለት ገብሱ ሊመለስበት ይችላል።

የመረጃ አወቃቀር የሚባለው ሙያ የሚመልሰው ይህን መሰሉን ችግር ነው፦ የትኛው ውሳኔ የትኛውን መረጃ ይፈልጋል? ማን ይመዘግበዋል? ለማንስ ይደርሳል? ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 ካሳተመው ጽሑፍ ወዲህ ሙያው በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። ሐሳቡ ለአርሲም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርምርን፣ የእርሻ ምክርን፣ ብድርንና ግብይትን በአንድ አመራር ሥር ይዞ ነበር። ያለ ጉዳት ግን አልሄደም፤ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። ዛሬ ሥራዎቹ በቁሉምሳ ምርምር ማዕከል፣ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በዩኒየንና በፋብሪካ ተከፋፍለዋል፤ መረጃውም አብሮ ተከፋፍሏል።

የተከፋፈለ መረጃን ከገበሬው ውሳኔ ጋር ለማገናኘት ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ፣ በ2013 ደግሞ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ያጠቃው የግንድ ዋግ ከባድ ጉዳት አደረሱ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የሜትሮሎጂ ተቋም ጋር የማሳ ቅኝትን ከነፋስ ትንበያ ጋር አያይዞ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ጀመረ፤ መልእክቱም በልማት ሠራተኞችና በ8028 የስልክ መስመር ወደ ገበሬው ይወርዳል። ሥራው የሰመረው «መቼ ልርጭ?» ከሚለው ጥያቄ ስለተነሣ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ግብርናን ከአራቱ የትኩረት መስኮች አንዱ አድርጎታል። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ 1284/2015፣ የግል መረጃ ጥበቃ ደግሞ በአዋጅ 1321/2016 ሕግ ወጥቶላቸዋል። መሠረቱ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ያው ገበሬ ክልሉ ጋ ስሙ በቁቤ፣ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋ በፊደል ይጻፋል። መሬቱ አንዱ ጋ በጥማድ፣ ሌላው ጋ በሄክታር ይለካል። የጋራ መለያ ቁጥርና የጋራ መለኪያ ሳይኖር የሚገዛ ሶፍትዌር አንድ ተጨማሪ መዝገብ ከመሆን አያልፍም።

የወረዳ ባለሙያዎች፣ የዩኒየን ኃላፊዎችና የፋብሪካ ገዢዎች ከሰኔ በፊት አንድ ላይ ተቀመጡ፤ ገብሱ የሚዘራው ለምግብ ይሁን ለብቅል በመዝገባችሁ ውስጥ ይግባ፣ የፕሮቲን ምርመራው ውጤትም ላመረተው ገበሬ ይመለስለት።