ለልጅ ትምህርት የሚቆጠበው ገንዘብ ጠባቂው ማነው?

ከጎባ ተነስቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ፣ የሐረናን ጫካ ወርዶ ደሎ መና የሚደርሰው የቡና ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ የሚጨብጠው በዓመት አንድ ወቅት ነው። የልጅ ትምህርት ወጪ ግን የቡና ወቅት አይጠብቅም። ባንኮች «የትምህርት ቁጠባ» ወይም «የልጆች ቁጠባ» እያሉ የሚያቀርቡት ሂሳብ ተፈላጊ መሆኑም ከዚህ የተነሳ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በቅጡ መታወቅ አለበት፤ ይኸውም ስሙን ያወጣው ባንኩ እንጂ ሕጉ አይደለም።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከባንክ ቁጠባ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲጥል፣ ገንዘቡ ለትምህርት ይሁን ለሠርግ ልዩነት አላደረገም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይታወሳል። በዚህ ስሌት 10,000 ብር ያስቀመጠ ወላጅ በዓመት 700 ብር ይታሰብለታል፤ ባንኩ 35 ብር ለግብር ቀንሶ 665 ብር ይሰጠዋል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ በመሆኑ የወቅቱን ልክ ሂሳብ ከመክፈት በፊት መጠየቅ ይገባል። ነጋዴው ለልጁ ያስቀመጠውን ገንዘብ ከንግድ ትርፉ ላይ በወጪነት ልያዝ ቢልም አይፈቀድለትም፤ የግል ወጪ ነውና።

ግብሩ ግን ትንሹ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ 7 በመቶ ወለድ የሚያገኝ ቆጣቢ ምን ያህል እንደተጎዳ ማስላት ለነጋዴ አይከብደውም።

በባሌ ወለድ የማይቀበለው ቆጣቢ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከወለድ ነፃ የአደራ ሂሳብ የያዘ ሰው ወለድ ስለሌለው የወለድ ግብርም የለበትም፤ ግን ብሩ ሲረክስ የሚያካክስለትም ነገር የለም። ትርፍ የሚያጋራው የሙዳረባ ሂሳብ የተለየ ውል ስለሆነ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ አንብቦ መፈረም ያሻል።

ወደ ጠባቂው እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ የባንኩን ካፒታል፣ መጠባበቂያና የጥሬ ገንዘብ አቅም ይቆጣጠራል። ገንዘቡ በመጨረሻ ለትምህርት ቤት ይዋል ለመኪና ግን አይጠይቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች የውላቸውን ሁኔታ በግልጽ እንዲያስረዱና አቤቱታ እንዲቀበሉ ያስገድዳል። በ2013 ዓ.ም. በደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ደግሞ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ የመድን ሽፋን የለውም።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታክስ ሕግ አንቀጽ 529 ለኮሌጅ የሚቆጠበውን ገንዘብ ስም ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ማንነት ሰጥቶታል። ትርፉ ለትምህርት ከዋለ ከ2001ዱ ማሻሻያ ወዲህ ከፌዴራል ግብር ነፃ ነው፤ ለሌላ ከዋለ ግን በትርፉ ላይ ግብርና 10 በመቶ ቅጣት ይከተላል። ዕቅዶቹን የሚያስተዳድሩት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው፤ የሚሸጡትን ደላሎች የሚገዛው ሌላ ደንብ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «እኛ ዘንድ ግብር የለም» ሲል የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ ከጉዳት አላዳነም። በኦሪገን ግዛት ዕቅድ ውስጥ ጥንቁቅ ተብሎ ይታመን የነበረ የቦንድ ፈንድ በ2008 ከቤት ብድር ጋር በተያያዙ ሰነዶች ክፉኛ ከሰረ፤ ኮሌጅ ሊገቡ የተቃረቡ ልጆች ገንዘብም እዚያ ነበር። ግዛቱ ከሶ በ2009 በ20 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ተቆጣጣሪ መኖሩ ኪሳራን አላስቀረም፤ ከሳሽ እንዲኖር ግን አድርጓል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበው የመንግሥት ትከሻ እየቀለለ በመምጣቱ ነው። በወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው የትምህርቱን ዋጋ 15 በመቶ ከምግብና ከመኝታ ጋር ተበድሮ፣ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ይመልሳል። በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ለደሎ መና ልጅ መንገዱን አሳጥሮለታል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ ከፍለው የሚማሩትን መቀበል ጀምሯል።

ወደፊት የትምህርት ፈንድ ልሽጥላችሁ የሚል ደላላ መምጣቱ አይቀርም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯልና። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ሽያጭ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ማሳየት ያልቻለ ሰው ጋር ድርድር መጀመር አያስፈልግም።

እስከዚያው ግን የባንክ ሂሳብ የሚከፍት ወላጅ መስኮቱ ላይ የሚጠይቀው አለው፦ ሂሳቡ በማን ስም ነው? ከጊዜው በፊት ቢወጣ ወለዱ ምን ይሆናል? ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ገንዘቡን አባቱ ሳያውቅ ማውጣት ይችላል?