ለታይመር አደራ አሰጣጥ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ በመቀሌ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በአምስት ቡድን ከፍዬ የሒሳብ ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። የጥያቄዎቹ ክብደት ስለሚለያይ ለአንደኛው ቡድን 3 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው 4፣ እንዲህ እያለ ለአምስተኛው 7 ደቂቃ ተመደበ። ሰዓቱን እንዲቆጥርልኝ በፓይተን ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ በላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ታዲያ 3 ደቂቃ ሲሞላ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «ጉጅለ 5፣ ሰዓትኩም ተወዲኡ»። ገና 4 ደቂቃ የቀራቸው የአምስተኛው ቡድን ልጆች እርሳሳቸውን አስቀመጡ። አንደኛው ቡድን መጻፉን ቀጠለ። በአራተኛውም በአምስተኛውም ደቂቃ የወጣው ያው ጉጅለ 5 ነው። ማን ስንት ደቂቃ እንደሠራ ስላልታወቀ የዚያን ቀን ውጤት ሳይመዘገብ ቀረ።

ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ሳይሆን የእኔ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚሞክር ሌላም ሰው ስለማይጠፋ ነገሩን ላስረዳ።

መስኮትና ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ቆሞ ሰዓት አይጠብቅም። ቢቆም መስኮቱ ይደርቃል፤ ቁልፉን ቢጫኑት አይሰማም። ስለዚህ «ይህን ያህል ጊዜ ሲያልፍ ይህን ፈንክሽን ጥራልኝ» ብሎ ለታይመር አደራ ይሰጥና ወደ ሥራው ይመለሳል። ኋላ የሚጠራው ፈንክሽን ኮልባክ ይባላል። በፓይተን ቲኪንተር አደራውን የሚቀበለው አፍተር የተባለው ትእዛዝ ነው። የሚለካውም በሚሊሰከንድ ስለሆነ 3 ደቂቃ ማለት 180000 ነው። (አንድ ዜሮ የረሳ ሰው በ18 ሰከንድ ያልቅበታል፤ ይህም ደርሶብኛል።)

ችግሩ ኮልባኩ የትኛው ቡድን እንደሆነ በምን ያውቃል የሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ የፈንክሽኑን ስም ጽፌ ከጎኑ በቅንፍ የቡድኑን ቁጥር አስገባሁ። ይህ ግን «አሁኑኑ ሥራ» ማለት ነው እኮ! አምስቱም መልእክቶች ፕሮግራሙ ገና እንደተከፈተ ተግተልትለው ወጡ። ያን ቤት ሳለሁ ስላየሁት በላምዳ ጠቀለልኩት። ላምዳ ሥራውን ያቆያል፤ የሚይዘው ግን የቁጥሩን መጠሪያ እንጂ ቁጥሩን ራሱን አይደለም። ይኸውም ለጎረቤት ልጅ «ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ለአክስትህ አድርስ» እንደማለት ነው። ጠዋት ያስቀመጣችሁትን ዳቦ አንስታችሁ ጨው ብታስቀምጡ፣ አክስትየዋ ዘንድ የሚደርሰው ጨው ነው። ፕሮግራሙ ከ1 እስከ 5 ቆጥሮ የሚጨርሰው በቅጽበት ነው፤ ታይመሩ ሲደውል ጠረጴዛው ላይ የቀረው 5 ብቻ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን በልጁ እጅ ማስያዝ ነው። አፍተር ከጊዜውና ከፈንክሽኑ ስም ቀጥሎ ሌላ ነገር ቢሰጡት ይዞ ቆይቶ ለኮልባኩ ያስረክባል። ስለዚህ 180000፣ ከዚያ የፈንክሽኑ ስም ያለ ቅንፍ፣ ከዚያ ቁጥሩ። በዊንዶውስ ሴትታይመርን የሚጠቀም ሰው ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ኮልባኩ የሚቀበለው አራት የተወሰኑ ነገሮችን ነው፦ መስኮቱን፣ መልእክቱን፣ የታይመሩን መለያ ቁጥርና ኮምፒዩተሩ ከተነሣ ያለፈውን ጊዜ። ስለሆነም የትኛው መለያ የየትኛው ቡድን እንደሆነ፣ ልክ እንደ ስም መጥሪያ፣ በሰንጠረዥ መያዝ ግድ ይሆናል።

የተማሪዎችን ስም ዝርዝር በሊስት የምታስረክቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። የሚተላለፈው ቅጂ ሳይሆን ሊስቱ ራሱ ነው፤ በመካከሉ አንድ ስም ብትሰርዙ ኮልባኩ ያን ስም አያገኘውም። ቅጂ አድርጋችሁ ስጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ክፍል በአዲስ ጥያቄ ደገምኩት። በ3ኛው ደቂቃ «ጉጅለ 1» ወጣ። የአምስተኛው ቡድን ልጆች ግን በ7ኛው ደቂቃ ተራቸው ሲደርስ፣ እርሳሳቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት ዞረው እኔን አዩ።