የኪራይ ሱቅ ከመሥራት አስቀድሞ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በቤቴል አካባቢ፣ መንገድ ዳር ይዞታ ያለው አጥቢያ ስለ ኪራይ ሱቅ ማሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የኪራይ ቤቶቿን አጥታለችና።

ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የሕንፃውን ንድፍ ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፣ በእጃችን ያለው የመጠቀም መብት ነው። ካርታው ለአምልኮ የተሰጠ ከሆነ፣ ለንግድ ለማዋል የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ፣ ከዚያም የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይላል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሱቅ ቢፈርስ የሚባክነው የምእመናን መባ ነው።

በባንክ ዕዳ ሰፊ ሕንፃ ከመጀመር ይልቅ በደብሩ ቁጠባ ጥቂት ሱቆችን መሥራት ይሻላል እንላለን። ከተከራይ የብዙ ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ መገንባትን ግን አንወደውም፤ ገበያው ሲለወጥ ደብሩን በአሮጌ ዋጋ አሥሮ ያስቀምጣል። ሒሳቡ ሲሠራ ሱቁ ባዶ የሚከርምባቸው ወራት፣ ጥገናና ግብር አብረው ይታሰቡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራዩም በደብሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ። የኮሚቴ አባል ዘመድ ሊከራይ ሲቀርብ ደግሞ አባሉ ከጨረታው ውሳኔ ይገለል።