ሙቀት የመኖሪያን ስፋት ሲወስን፦ የቦብዋይት ምሳሌ

መሬት ለመሬት እየተራመዱ የሚመገቡ የአደን አዕዋፍ መኖሪያ ዘወትር የሚለካው በመሬት ስፋት፣ በመኖና በእፅዋት ሽፋን ነው። ይሁን እንጂ ማለዳ ለኑሮ የሚመች ቦታ እኩለ ቀን ላይ የማይደፈር ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቦብዋይት የተባለችውን የሰሜን አሜሪካ ትንሽ የቆቅ ዘመድ በምሳሌነት በመውሰድ ሙቀት መኖሪያን እንዴት እንደሚያጠብ ያብራራል።

አዕዋፍ ላብ አመንጪ ዕጢ የላቸውም። ሙቀት ሲበረታ የሚቀዘቅዙት በማለክለክና የጉሮሯቸውን ቆዳ በማርገብገብ ነው፤ ይህም ከሰውነታቸው ውኃ ያስወጣል። በተጨማሪም ፀሐይ የመታው ባዶ አፈር ከአየሩ ይልቅ እጅግ ይግላል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ውስጥ የሚለካው የአየር ሙቀት ወፏ የምትቀምሰውን ሙቀት አያሳይም። ተመራማሪዎች ይህን ለመገመት ጥቁር ቀለም በተቀባ ክፍት የብረት ሉል ውስጥ ቴርሞሜትር ያኖራሉ፤ መሣሪያው የአየሩን ሙቀት፣ የጨረሩንና የነፋሱን ውጤት አጣምሮ ያሳያል።

ፎሬስተር፣ ጉተሪና ባልደረቦቻቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የደቡብ ቴክሳስ ጥናት መሠረት ቦብዋይት በዚህ መልክ የተገመተው ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበትን ቦታ ትሸሻለች። ከዚህ የምንረዳው መኖሪያ በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም መለካት እንዳለበት ነው።

ለማስላት ያህል፣ 100 ሄክታር መሬት ለ12 የቀን ሰዓታት 1,200 የሄክታር ሰዓት ይሰጣል እንበል። በ5ቱ ሰዓታት ለኑሮ የሚበቃው 30 ሄክታር ብቻ ከሆነ፣ የሚቀረው 850 ነው፤ 29 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። የእፅዋት ካርታው ግን አሁንም 100 ሄክታር ያሳያል።

ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ለግጦሽ ሲባል ቁጥቋጦ ሲመነጠር ሣሩ ሊበዛ ይችላል፤ የቀትር መጠለያው ግን ይጠፋል። ጥላው በእግር ከማይደረስበት ርቀት ላይ ከሆነም፣ ማለዳ የተመቸው የመኖ ቦታ ራሱ ዋጋ ያጣል። በመሆኑም የቁጥቋጦ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስርጭቱም ሊታይ ይገባል።

በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩትን ቆቅና ጅግራ ለሚያጠና ተመራማሪም ይኸው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ወፎቹ በቀትር የት ይጠለላሉ? ከሰል አክሳዩ የሚቆርጠውስ ያንኑ ዛፍ ይሆን?