አንጎልም እንደገና ይማራል



በጂዛን፣ በሳምታና በአቡ ዓሪሽ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን በድንገት አፏ ቢጣመም፣ አንድ እጇ ቢዝል፣ ንግግሯ ቢተሳሰር፣ «ምች መታት» ወይም «ልክፍት ነው» ማለት በመካከላችን የተለመደ ነው። በሀገራችንም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕዝቡ የሚጥል በሽታን ከክፉ መንፈስ ጋር እንደሚያያይዝ አሳይተዋል። የሚጥል በሽታም ሆነ ከላይ ያነሣነው ሕመም ግን የአንጎል በሽታ ነው።

ይህ በድንገት የሚመጣው ሕመም ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ዐረቦች ጀልጣ ይሉታል። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ዋናው መንሥኤ የደም ግፊት ነው፤ ወጣትንም ይይዛል። ሥሩ ተዘግቶ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ፦

- በ997 ደውላችሁ ቀይ ጨረቃን ጥሩ።
- ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ።
- ምግብ፣ ውኃ ወይም አስፕሪን አትስጡ።
- «ኢቃማ የላትም» በሚል ፍርሃት ጊዜው አይለፍ።

ከዚያስ በኋላ? የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ጤነኛው ክፍል ግን በልምምድ የእርሱን ሥራ ሊማር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በወጣ ጥናት 222 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ከእነርሱ ከፊሎቹ ለ2 ሳምንት ጤነኛ እጃቸውን በጓንት ሸፍነው፣ በደከመው እጅ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። የእጃቸው አሠራር ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻሻለ፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ ታይቷል።

ስለዚህ እጇ የደከመ እኅት ካለቻችሁ ሁሉን አትሥሩላት። በደከመው እጇ ኩባያ ታንሣ፣ እንጀራ ትቁረስ፣ ፎጣ ትጠፍ፤ በየቀኑ ደጋግማ ትሞክር። ንግግር ያቃታትንም «አእምሮዋ ሄደ» አትበሉ፤ ቃል ማጣት ማሰብ ማጣት አይደለም። በዝግታ አነጋግሯት፣ መልሷን ታግሣችሁ ጠብቁ። ሁሉም ፈጽሞ አይድንም፤ ግን ብዙዎች ይሻላቸዋል።

ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው ወደ ጌታ ያቀረቡት አራቱ ሰዎች እምነታቸውን በጉልበታቸው አሳይተዋል። እኛም ለወደቀች እኅታችን እንደ አራቱ ሰዎች እንሁን።

እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይጠብቅልን፤ አሜን።