ጓሳን ማን ይዘጋል?

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የጓሳ ሣር ገመድ የሚሸጡ አንድ የመንዝ አባት አገኘሁ። ገመዱ ያረጀ ነበር። አዲስ እንዳላቸው ስጠይቃቸው «ዝግ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ማን ዘጋው ብላቸው ገረማቸው መሰል ትክ ብለው አዩኝ። «እኛ ነና! ሌላ ማን ይዘጋዋል?»

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ስለታጠረ ተራራ ስጠይቅ ሰው የሚነግረኝ የቀበሌውን ወይም የፕሮጀክቱን ስም ነው። «እኛ» ያለኝ አልነበረም።

ጓሳ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ባሻገር፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተንጣለለ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫማ ምድር ነው። ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን አንባቢ ያውቃቸዋል። ባላገሩ ግን አስቀድሞ የሚያየው ሣሩን ነው፤ ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለእረኛው የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ከአፋፉ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ዓባይን፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀላል።

አባቶች እንደሚናገሩት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚዎች አገሩን ሲከፋፈሉ ይህን ከፍታ ሳያርሱ ለሣርና ለግጦሽ ተዉት። የእነርሱ ዘር የሆነ ሁሉ በአጽመ ርስት ይካፈል ነበር። ቄሮ የሚባለው ሥርዓት የቆመው በዚህ ላይ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በጉባኤ አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ተጠቃሚው በየአጥቢያው ተከፍሎ በተራ ይጠብቅ ነበር። ጓሳ ከተዘጋ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ማጭድ አይነካውም ነበር። ሣሩ ደረሰ ሲባል ሽማግሌ ይሰበሰብ፣ ቀን ይቆረጥ ነበር። የሚከፈተው በጋው ጠንቶ ሌላው መስክ በደረቀበት ወቅት ነበር። መጀመሪያ ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባ ነበር፤ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ከብቱ ሁሉ ይወጣ ነበር። ቀኑን ከጾሙ ጋር ማሰራቸው ትልቅ ብልሃት ነው፤ ጾም የሚፈታበትን ዕለት አላወቅሁም የሚል መንዜ ከየት ይገኛል?

ቅጣቱ አስፈሪ ነበር። በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት ይቃጠል ነበር። ሽማግሌዎች ከዚህም የከፋ ያወራሉ፦ አጥፊው የአንበሳ ቆዳና ከርጥብ አሸዋ የተገመደ ገመድ እንዲያመጣ ይፈረድበት ነበር ይላሉ። ከአሸዋ ገመድ የሚገምድ የለም፤ ፍርዱ ምሕረት የለም ማለት ነበር። ያ ጭካኔ እንዲመለስ አልመኝም። የምመኘው የጉባኤው ቃል ያን ያህል እንዲከበር ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ወደቀ። የአዋጁን ፍትሕ መካድ አይገባም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ጎረቤት ሣሩን ከሩቅ ሲያይ ነው የኖረው። ነገር ግን ጠባቂውም አብሮ ጠፋ። ገመድ ሻጩ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። «የሁሉም ነው ተባለ» አሉኝ። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያጭደዋል። እሱም ስለ እኔ ይህንኑ ያስባል። ታዲያ በሌሊት ተነሥተን ሁላችንም አጨድነው።»

ማኅበረሰቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም። ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ሴቶችና ወጣቶች የሚወከሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከዘር ሐረግ ይልቅ ነዋሪነት መሠረት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ።

ይህን በሌሎች አካባቢዎች ከሚጠራው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጋር አስተያዩት። በጋ ሲሆን ቀበሌው ሕዝቡን ይጠራል፣ ስም ይመዘገባል፣ እርከን ይሠራል። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ የተራቆቱ ተራሮች ሲያገግሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ከተሠራው እርከን ብዙው በ1983ቱ ለውጥ ዋዜማና ማግሥት በራሱ በገበሬው እጅ ፈርሷል፤ የእኔ አላለውማ። ተዳፋቱ ሲያገግም ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ቀኑን ማን እንደሚቆርጥ አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። «በመመሪያ ይታያል» አሉኝ። መመሪያውን ለማየት ብጠይቅ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲህም ስልኬን አላነሡም።

ጓሳም ከሥጋት ነጻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ሰው በዝቷል፤ መሬቱ ለወጣቱ አልተረፈም። እኒያው አባት የነገሩኝ ይህን ነው፦ «እኔ ጠብቅ ስለው ልጄ ለማን ብሎ ይጠይቀኛል። እርሻ የለው፣ በግ የለው። ስብሰባ ስሄድ ከኋላ ይቆማል፤ አይናገርም። ሣሩን የሚያጠፋው የሌላ አገር ሌባ አይደለም፤ ከኋላ የቆመው ልጅ ነው።» ሣሩ ከሄደ ምንጮቹ ይሳሳሉ፤ ጉዳቱም በቆላው ለሚኖሩት ጭምር ይደርሳል።

ስለዚህ ወረዳውም ክልሉም የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣኑን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በተግባር ለማኅበረሰቡ ጉባኤ ይተዉለት። ጉባኤውም መሬት የሌለውን ወጣት ከኋላ አያቁመው፤ ከሣሩም ከቱሪስት ገቢውም ድርሻውን ይወቅለት። አዲስ አበባ ያላችሁ የመንዝ ልጆችም፣ ጓሳ በሚከፈትበት ዓመት ሂዱና ከጉባኤው ተቀመጡ።