«በአክብሮት እንጠይቃለን» ብቻውን ማሽን አይገዛም

ማመልከቻ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው እንዲህ ነው። «ጉዳዩ፦ የሥራ መሣሪያ እንዲገዛልን ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይቀጥላል። «ከፍተኛ እጥረት ስላጋጠመን» ይልና «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብሎ ይዘጋል። ፊርማ፣ ማኅተም፣ በቃ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይህ ወረቀት የሚደርሰው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያሉ ሌሎች አሥር ወረቀቶች ተደርድረዋል። ሁሉም በአክብሮት ይጠይቃሉ። ሁሉም እጥረት አለባቸው። ገንዘቡ ግን ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ ነው የሚበቃው። ታዲያ ኃላፊው በምን ይለያቸው? ወይ ቀድሞ የመጣውን፣ ወይ ደጋግሞ የሚወተውተውን፣ ወይ የሚያውቀውን ሰው ይመርጣል። ምክንያት ካልሰጠነው ሌላ መለኪያ የለውም።

እኛ አካባቢ ነገሩ አሁን ይበልጥ ያሳስባል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የክልሉ ቢሮዎችም በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በየቢሮው፣ በየወርክሾፑና በየማኅበሩ ያለ ወጣት የሆነ ዕቃ እንዲገዛለት እየጠበቀ ነው። አንዱ ፕሪንተር፣ አንዱ የብየዳ ማሽን፣ ሌላው የወተት ማቀዝቀዣ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ልክ ነው፤ ግን አነጋገሩም ወሳኝ ነው።

ማመልከቻ «እኔ ምን ቸገረኝ» የሚለውን ይናገራል። ለግዢ የሚቀርብ ማሳመኛ ጽሑፍ፣ የከተማው ሰው ቢዝነስ ኬዝ የሚለው፣ የሚናገረው ሌላ ነው። «ይህ ዕቃ ሳይገዛ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ስንት እያስከፈለን ነው?» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ ከሆሳዕና ወጣ ብላ በምትገኘው በሀቢቾ፣ እንሰት የሚፍቁ እናቶችን ባየሁ ጊዜ ነው። እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግቡ እንደሆነ ይገመታል። ለሀዲያና ለከምባታ ሰው ቆጮ የዕለት እንጀራ ነው። አሠራሩን ያየ ያውቀዋል። ግንዱ ተገነጣጥሎ በተጋደመ ጣውላ ላይ ይቀመጣል። ሴቲቱ በእግሯ ደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ እስከ ታች ትፍቃለች። አሚቾው ይከተከታል። ሁሉም ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው።

የማኅበራቸው ጸሐፊ የሆነች ወጣት የእንሰት መፋቂያ ማሽን ለመጠየቅ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ ከስልኳ ላይ አሳየችኝ። በአንድ በኩል የማሽኑ ዋጋ ተጽፏል። በሌላ በኩል «ሥራችንን ያቀልልናል» ይላል። አጠገቧ የተቀመጡትን እናት «እትዬ፣ አሁን በእጅ ሲሠራ በቀን ስንት ያስወጣል?» አልኳቸው።

«ምን ያስወጣል ልጄ? የራሳችን ጉልበት ነው» አሉኝ።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የእናቶቹ ቀን ዜሮ ብር ተብሎ ከተቆጠረ ማንኛውም ማሽን፣ በነፃ ካልተሰጠ በቀር፣ ውድ ነው። ከዜሮ ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ዕቃ የለም። የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ በመፋቂያና በመጭመቂያ ማሽኖች ላይ የሠሩ የአገራችን ባለሙያዎች አሉ። መሣሪያው ከሠሪው እጅ ወደ ጓሮ እንዲደርስ ግን ገንዘብ የሚያወጣው አካል «ያዋጣል» ማለት አለበት። ዜሮ ደግሞ አያዋጣም።

እሺ፣ እንቁጠረው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ።

ማኅበሩ 10 አባላት አሉት እንበል። እያንዳንዷ በሳምንት 2 ቀን ስትፍቅ ትውላለች። በድምሩ 20 የሥራ ቀን ነው። በማሽን 8 ቀን ይበቃል ብንል በሳምንት 12 ቀን ተረፈ። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ 250 ብር የሚከፈለው ከሆነ 12 ቀን 3,000 ብር ነው። ሥራው በዓመት 20 ሳምንት ቢኖር 60,000 ብር ይሆናል።

ወጪውንም አንደብቅ። ለነዳጅና ለኦፕሬተር በሳምንት 500 ብር፣ በዓመት 10,000። ለጥገና 5,000። የተጣራው 45,000 ብር ነው። ማሽኑ 80,000፣ ማጓጓዣ፣ መትከያና ሥልጠና 10,000፣ በድምሩ 90,000 ብር ቢፈጅ በ2 ዓመት ራሱን ይከፍላል።

አሁን «ሥራችንን ያቀልልናል» እና «በ2 ዓመት ራሱን ይከፍላል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እናንተ ኃላፊ ብትሆኑ የትኛው ላይ ትፈርማላችሁ?

ግን እዚህ ላይ ቆሞ ማጨብጨብ አይቻልም። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ሞኝ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ እሱ ሳይጠይቅ እናንተ ብትመልሱ ይሻላል።

የመጀመሪያው «ግምታችሁ ቢሳሳትስ?» ነው። ማሽኑ የሚያተርፈው 12 ሳይሆን 6 ቀን ቢሆን ቁጠባው 30,000 ይሆናል። 15,000 ወጪ ሲቀነስ 15,000 ይቀራል። ያኔ 90,000 ብሩ የሚመለሰው በ6 ዓመት ነው! ማሽኑ 6 ዓመት ካልቆየ ግዢው ኪሳራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በተውሶም ሆነ በኪራይ አንድ ሳምንት ሞክሩት። ጥራቱንም ተመልከቱ። ቃጫው ተቆራርጦ ቢወጣ፣ ቡላው ቢቀንስ፣ ገበያ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ከተቆጠበው ጉልበት ሊበልጥ ይችላል። ደካማውን ግምት ራሳችሁ ስታቀርቡት አንባቢው ጠንካራውንም ያምናችኋል።

ሁለተኛው «የተረፈው ቀን ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። ከባድ ጥያቄ ነው። የተረፈ ጉልበት በራሱ ኪስ አይገባም። እናቶቹ በዚያ ቀን ተጨማሪ ቆጮ አዘጋጅተው ሆሳዕና ገበያ ያወጣሉ? ለሌላ ቤተሰብ በክፍያ ይፍቃሉ? ዕረፍት ከሆነም ዕረፍት ነው ብላችሁ ጻፉ። የወገብ ሕመም መቀነሱ ራሱ ጥቅም ነው። ዕረፍቱን ግን ገቢ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሦስተኛው «ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ነው። መለዋወጫው ሆሳዕና ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ 230 ኪሎ ሜትር ሊኬድ ነው? በመብራት ነው የሚሠራው በነዳጅ? መብራት ሲጠፋስ? በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ ማሽን ያየ ኃላፊ ይህን ጥያቄ አይረሳም።

ገንዘቡን በተመለከተም «ይገዛልን» ብቸኛው መንገድ አይደለም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በአገራችን ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ የሕግ መሠረት አለው። በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተቋሙ ማሽኑን ይገዛል፣ ተበዳሪው እየሠራ በየጊዜው ይከፍላል፣ ክፍያው እስኪያልቅ ባለቤቱ ተቋሙ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ይሆናል፤ ቤት አስይዙ አይባልም። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች በዚህ መንገድ ይሠራል። ለትንንሾቹ ደግሞ በክልል ደረጃ የተቋቋሙ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት አሉ። ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ ቢሆን ከ80,000 ብር 16,000 ነው፤ ለ10 ሰው 1,600 ብር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በእርግጥ ኪራዩ ወለድም አለው፤ እሱንም ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

«እኔ እንሰት አልፍቅም፣ ቢሮ ነው የምሠራው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሂሳቡ ያው ነው። በቀን አራት ጊዜ ወረቀት የሚነክስ ፕሪንተር አለ እንበል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰው ለ10 ደቂቃ ይቆማል፤ ይህ በቀን 80 የሥራ ደቂቃ ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 29 ሰዓት ያልፋል። ደመወዝ የተከፈለበት ሰዓት ነው! እዚያ ላይ ቶነሩን ጨምሩበት። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ለማግኘት ከሩቅ ቀበሌ ተመልሶ የሚመጣበትን ትራንስፖርትም ጨምሩ። «ፕሪንተሩ አስቸግሮናል» ከማለት ይህን መጻፍ ይሻላል።

ቢሮ ላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ነው። አንደኛው ቀን ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ነሐሴ ላይ የመጣ ምርጥ ጽሑፍ «በዕቅድ አልተያዘም» በሚል አንድ ቃል ይወድቃል። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ተመልከቱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ባለበት አይቆይም። የቆየ ፕሮፎርማ ይዞ መቅረብ ጽሑፉን በሙሉ ያስጠረጥራል።

ጽሑፉ ረጅም አይሁን፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ምን እንደምትፈልጉ፣ ስንት እንደሚፈጅና በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይውጣ። ከዚያ አሁን ያለው ኪሳራ፣ ቀጥሎ አማራጮቹ፦ ባለበት መቀጠል፣ መከራየት፣ በጋራ መግዛት። ኃላፊው ላይኛውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ ስብሰባ ቢገባ እንኳ ስለእናንተ መከራከር መቻል አለበት።

ለዚህ ሁሉ መሣሪያው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ አስነሱና አንድ ሳምንት ለኩ። የተሰበረውን ፎቶ አንሱ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ሲናገሩ ድምፃቸውን፣ አስፈቅዳችሁ፣ ቅዱ። የእነሱን ቀን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ቁጥሩ ከእነሱ ይምጣ።

ሁሉም ጽሑፍ «እሺ» አያስገኝም። ገንዘቡ በእውነት የሌለበት ጊዜ አለ። ይሁንና የእናቶቹ ሳምንት 20 የሥራ ቀን መሆኑ አንዴ ከተጻፈ በኋላ «ምንም አያስወጣም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እምቢ የሚል ሰው ቢመጣም ያንን ቁጥር አይቶ፣ በቁጥር ይመልስ።